ስለ ካናቢስ ዘይትና ስለ ስትሮክ ለምትጠይቁኝ ልጆች

ልጆቼ፣

ኢየሩሳሌም ውስጥ በሆስፒታል ፋርማሲ ብዙ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከኢትዮጵያ ከመጣነው ቤተሰቦች ልጆች መካከል ፋርማሲ፣ ነርሲንግና ባዮሎጂ የምትማሩ አላችሁ። በሰርግም በለቅሶም ስንገናኝ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ካናቢስ ለስትሮክ መድኃኒት ይሆናል የሚባለው እውነት ነው?» ቆመን የምናወራው ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩላችሁ።

የነገሩ መነሻ እዚሁ የምንኖርበት አገር ነው። ፕሮፌሰር ራፋኤል መሹላም ገና ወጣት ኬሚስት ሳሉ ለምርምር የሚሆን 5 ኪሎ ሐሺሽ፣ ማለትም ከካናቢስ ተክል የሚሠራውን፣ ከፖሊስ ተቀብለው በአውቶብስ ይዘውት ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1964 ከይሂኤል ጋኦኒ ጋር ሆነው ቲኤችሲን፣ ማለትም የሚያሰክረውን ንጥረ ነገር፣ ለይተው አወጡ። በ1992 ደግሞ የእሳቸው ቡድን ከዚህ የበለጠ የሚገርም ነገር አገኘ። አንጎላችን ራሱ የካናቢስን ሥራ የሚሠራ ንጥረ ነገር ያመርታል! ስሙን አናንዳሚድ አሉት። «አናንዳ» በሳንስክሪት ደስታ ማለት ነው።

ይህ ከስትሮክ ጋር ምን አገናኘው? የአንጎል ደም ስር ሲዘጋ ኦክስጅን ያጣው ሕዋስ ብቻውን አይሞትም። ግሉታሜት የሚባል ኬሚካል ያፈሳል። ግሉታሜቱ የጎረቤቱን ሕዋስ በር ይከፍታል፤ ካልሲየም ይጎርፍበታል፤ እሱም ይሞታል። በሳር ቤቶች መንደር እንደተነሳ እሳት ቁጠሩት። ትልቅ ደም ስር ከተዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋስ እንደሚጠፋ ተሰልቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ሲቢዲ የሚባለው ሌላው የካናቢስ ንጥረ ነገርና ቲኤችሲ የአይጥ ነርቭ ሕዋሶችን ከዚህ ጉዳት እንደሚከላከሉ በላቦራቶሪ አሳዩ። ሲቢዲ ደግሞ አያሰክርም። ተስፋ ማድረጋችን አይፈረድብንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ዴክሳናቢኖል የሚባል፣ እዚሁ በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሰው ሠራሽ ካናቢኖይድ፣ ማለትም የካናቢስን ንጥረ ነገር የሚመስል ኬሚካል፣ ነበር። አያሰክርም። ያንን የካልሲየም በር ይዘጋል። በእንስሳት ላይ ውጤቱ ግሩም ነበር። ያው የግሉታሜት ጉዳት ጭንቅላት ሲመታም ስለሚደርስ፣ ከዚያ ጭንቅላታቸው ክፉኛ በተጎዳ ሰዎች ላይ ተሞከረ፤ በ15 አገሮች፣ በ86 ማዕከሎች፣ በ861 ሕመምተኞች። ጉዳቱ በደረሰ በ6 ሰዓት ውስጥ አንድ መርፌ ተሰጠ። ከ6 ወር በኋላ መጥፎ ሁኔታ ላይ የነበሩት መድኃኒቱን ካገኙት 50 በመቶ፣ ካላገኙት 51 በመቶ ሆኑ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ታተመ። መድኃኒቱ ጉዳት የለውም፤ ግን አልሠራም።

ይህን ቁጥር ሳነብ አዘንኩ፤ ዛሬም ያሳዝነኛል። ግን እናንተን ማስተማሪያ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። የላቦራቶሪዋ አይጥ ወጣት ናት። ስኳርም ደም ብዛትም የለባትም። የተጎዳችበት ደቂቃ ይታወቃል፤ መድኃኒቱም ወዲያው ይሰጣታል። የኛ ሕመምተኛ 70 ዓመታቸው ነው፤ ደም ብዛት አለባቸው፤ የወደቁበትን ሰዓት የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ «አይጥ ላይ ሠራ» የሚል ርዕስ ስታዩ አትናቁት፤ ግን ሰው ላይ የተደረገውን ፈልጋችሁ አንብቡ። ያልተሳካውን ደግሞ ሁለት ጊዜ አንብቡት። የካናቢስ ንጥረ ነገር መድኃኒት አይሆንም እያልኩ አይደለም። ከሲቢዲ የተሠራ መድኃኒት ለከባድ የልጆች የሚጥል በሽታ እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ተፈቅዷል። ያ ግን በሰው ላይ ተሞክሮ፣ መጠኑ ተለክቶ ነው። ለስትሮክ እዚያ አልደረስንም። የምታጨሱ ካላችሁ ደግሞ፣ ሐሺሽ በሚያጨሱ ወጣቶች ላይ ስትሮክ መድረሱን የሚናገሩ የሕክምና ጽሑፎች አሉ። እባካችሁ፣ «አንጎል ይጠብቃል» ብላችሁ አታጭሱ።

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። አንድ አባት አፋቸው ተጣሞ፣ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ልጃቸው ኢንተርኔት ላይ ያነበበው ነገር ነበር። ከዘመድ ያገኘውን የካናቢስ ዘይት ምላሳቸው ሥር ጠብ አድርጎ አስተኛቸው። ክፋት የለውም፤ አባቱን ይወዳል። ግን ስትሮኩ የደም መርጋት ይሁን የደም መፍሰስ ያለ ሲቲ ስካን ቤት ውስጥ ሊያውቅ አይችልም። ያመጧቸው ንጋት ላይ ነው።

እኔ ለማስተርጎም ተጠራሁ። እናትየዋ «ማታ በሁለት ሰዓት ነው» አሉ፤ እኔ እስክደርስ ሌላ አስተርጓሚ ስላልነበረ ልጁ ቃል በቃል ተርጉሞት ነበር። ወረቀቱ ላይ 02:00 ተብሎ ተጽፏል። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መርፌ የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በኋላ 4 ሰዓት ተኩል እስኪሞላ ነው። በወረቀቱ መሠረት ጊዜ ነበረን። እኔ ግን የእናትየዋን ሰዓት አውቀዋለሁ። 20:00 ነው ያሉት። ሕመሙ ከጀመረ አስር ሰዓት ያህል አልፏል። መርፌው ቢሰጣቸው ኖሮ አንጎላቸው ውስጥ ደም ሊፈስ ይችል ነበር። አልተሰጣቸውም፤ ቀኝ እጃቸውም አልተመለሰም።

ዛሬ የረጋውን ደም በቀጭን ቱቦ መጎተት ለአንዳንድ ሰው እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይሠራል። ያኔ አልነበረንም። ግን ለቱቦውም ቢሆን ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት መታወቅ አለበት። አያት ወይም አባት ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ መጀመሪያ የምትጠየቁት «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩት ስንት ሰዓት ነው?» የሚለው ነው። በሐበሻ ሰዓት ይሁን በፈረንጅ ሰዓት አብራችሁ ተናገሩ።