የእናትዎ ክንድ እጀታ አይደለም

ጥያቄ፦ እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ከሦስት ወር በፊት ስትሮክ መትቷት ግራ እጇና ግራ እግሯ አይታዘዙላትም። ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር የማዛውራት እኔ ነኝ፤ ፊት ለፊቷ ቆሜ በብብቷ ስር ይዤ ወደ ላይ አነሳታለሁ። ካለፈው ወር ጀምሮ ግራ ትከሻዋን እየባሰ ያማታል። ማስታገሻ ክኒን ገዝቼ እየሰጠኋት ነው፤ አልተሻላትም። ሁለተኛ ስትሮክ ይሆን? ከዚህ የሚበረታ መድኃኒትስ አለ?

መልስ፦ ከጥያቄዎ ጀርባ «የጎዳኋት እኔ እሆን?» የሚል ስጋት ይታየኛል። ከእሱ ልጀምር። አነሳሱ ትከሻቸውን ሳይጎዳው አይቀርም። ጥፋቱ ግን እናትዎን ከሆስፒታል ሲያሰናብት እንዴት እንደሚነሱ ያላሳየዎት ሰው ነው። ሠለጠኑ የተባሉ የሙያ ባልደረቦቼ ሳይቀሩ በብብት ሲያነሱ ስንቴ አይቻለሁ!

ስትሮክ በድንገት ነው የሚመጣው፤ ፊት ይጣመማል፣ ንግግር ይኮላተፋል፣ አካል ይዝላል። እንዲህ ካዩ ደቂቃ ሳያባክኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። በሳምንታት ውስጥ እየባሰ የመጣ የትከሻ ሕመም ብቻውን የዚያ ምልክት አይደለም።

የክንድ አጥንት ራስ እንደ ኳስ ክብ ነው፤ የሚያርፍበት ቦታ ግን እንደ ሰሃን ገባ ያለ ብቻ ነው። ኳሱን ከሰሃኑ ላይ አጥብቀው የሚይዙት በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ናቸው። ስትሮክ እነሱን ሲያዝላቸው የክንዱ ክብደት ራሱ ኳሱን ወደ ታች ይጎትተዋል። እናትዎ ተቀምጠው ሳሉ የግራ ትከሻቸውን ጫፍ ቀስ ብለው ይዳስሱ፤ ከአጥንቱ ስር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካገኙ የምለው እሱን ነው። በብብት ሲያነሷቸው የወረደው አጥንት ሽቅብ ይገፋል፣ በመሃል ያለው ሥጋና ጅማት ይጨፈለቃል። ይህ በቀን ስድስት ጊዜ ሲደጋገም ያስቡት። «እጁ እንዲነቃ ሳብ ሳብ አድርጉት» የሚል መካሪም አይጠፋም። የተሳበ እጅ አይነቃም፤ ይጎዳል እንጂ። ልብስ ሲያለብሱ፣ ሲያጥቧቸው፣ አልጋ ላይ ሲያገላብጧቸውም ያንን ክንድ አይጎትቱ። ሲቀመጡ ትራስ ላይ ይረፍ፤ ተንጠልጥሎ አይዋል።

ክኒኑን በተመለከተ ግን አልታገስም። አንድ ወር ሙሉ፣ ያለ ሐኪም፣ ስትሮክ ለመታቸው የ67 ዓመት እናት! ስሙን እንኳን አልጻፉልኝም። ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከሆነ የልብ ሕመምንና የስትሮክን አደጋ ይጨምራል፤ ከአስፒሪን ወይም ከደም ማቅጠኛ ጋር ሲሆን ደግሞ ጨጓራ ሊያደማ ይችላል። «የሚበረታ» ፍለጋው ይቅር፤ ይህንንም ሐኪም ሳያየው አይስጧቸው። ለስትሮኩ የታዘዘላቸውን መድኃኒት ግን እንዳያቋርጡ።

አነሳሱ ከባድ አይደለም። ወንበሩን በደህናው በቀኝ ጎናቸው በኩል ከአልጋው ጋር ሰያፍ አድርገው ያስጠጉ፤ ፍሬኑን ይያዙ፣ የእግር ማሳረፊያውን ያንሱ። ጫማ ያድርጉላቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እግራቸው ወለሉን ይርገጥ፤ የደም ግፊታቸው ወርዶ እንዳያዞራቸው አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆዩ። ወገባቸው ላይ ሰፊ ቀበቶ አስረው እሱን ይያዙ። የግራ ጉልበታቸውን በሁለቱ ጉልበቶችዎ መካከል ይደግፉ። አንገትዎን እንዲያቅፉ አይፍቀዱ። አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው በላይ እስኪደርስ ወደ ፊት ጎንበስ ሲሉ መቀመጫቸው ራሱ ከአልጋው ይነሳል፤ ያኔ አብረው ዞረው ቀስ ብለው ያስቀምጧቸው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚሉት እሳቸው ይሁኑ፤ ሰው እንደ ዕቃ ሲነሳ ይደነግጣል፣ የደነገጠ ደግሞ ይከብዳል። መሃል ላይ እግሮቻቸው ከከዷቸው አይታገሉ፤ ወደ አልጋው ይመልሷቸው።

ብቻዎን ከመሞከርዎ በፊት በዚህ ሳምንት ከሐኪም ጋር ፊዚዮቴራፒስትም ያግኙ፤ አነሳሱን በእርስዎ እጅ አሠርቶ ያርምዎት። ክኒኑንም ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ።