የሽምብራዋ ስልቻ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ «ጋሼ፣ ገበሬው አዲስ ነገር የሚፈራው ለምንድን ነው? ሪስክ ካልወሰደ እንዴት ያድጋል?» አለኝ። ፈገግ ብዬ አለፍኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ድሮ እኔም እንደዚያ እጠይቅ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ አዲስ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። የማዳርሰው የማዳበሪያ ኮታ ነበረብኝ። አንድ አዛውንት ግን እሺ አላሉኝም። የእሳቸው አካሄድ ሌላ ነው። ሚያዝያ ላይ ጠብ ካለ ረጅሙን ማሽላ ይዘራሉ። ማሽላው ከከዳ ሐምሌ ላይ ገልብጠው ጤፍ። ጤፉም እንቢ ካለ መስከረም ላይ ዋልካው የያዘውን እርጥበት ተማምነው ሽምብራ። የሽምብራው ዘር ጎታው ጥግ በአንዲት ስልቻ ይቀመጣል። ልጆቹ ቢርባቸው እንኳ አትነካም።

«ይሄ ፍርሃት ነው» አልኳቸው። በዚያ ዕድሜዬ! አባቴ ቢሰማ በጥፊ ይለኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አሳመንኳቸው። ባለቤታቸው በሄድኩ ቁጥር ቡና ያፈሉልኛል፤ እንደዚያ ዓይነት ቡና ከዚያ ወዲህ አልጠጣሁም። መሬቱ በሙሉ ምርጥ ዘር በቆሎ ሆነ። ማዳበሪያውና ዘሩ በብድር ነው፤ ለቅድሚያ ክፍያው ያችን ስልቻ ሸጡ።

ዝናቡ ነሐሴ ላይ ቆረጠ። ዓመቱ ኤልኒኖ፣ ያ ዝናብ የሚያዛባው የውቅያኖስ ሙቀት፣ የተነሣበት መሆኑን የሰማሁት ኋላ ነው። በቆሎው እንዳበበ ጠወለገ። መስከረም ላይ ጎረቤት ሁሉ ሽምብራ ሲዘራ እሳቸው ደጃፋቸው ተቀምጠው ያያሉ። ብድሩ ደግሞ ዝናብ ቀረ ብሎ አይቀርም። አንዱን በሬ ሸጡ። የእኔ ደሞዝ በወሩ መጨረሻ ሳይጓደል ደረሰኝ።

ዛሬ ስልካችሁ ላይ ሁሉም ሪስክ ይሰብካል። የከሰረው ቪዲዮ አይሠራም፤ እናንተም አትፈልጉትም። ቆጥቡ ምናምን አልላችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ሰው አልቀበልም ሲላችሁ ግን ጎታው ጥግ ምን እንዳስቀመጠ ጠይቁት።

ማዳበሪያን እየተቃወምኩ አይደለም። ዝናብ በሰጠ ዓመት ምርቱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዛሬም ተጠቀሙ እላለሁ። እኔ ራሴም ከመንግሥት ሥራ ሳልወጣ ያረጀሁት ሪስክ ፈርቼ ነው። እሱም ይቆጨኛል።

ሰኔ 1990 ላይ በመንደሩ ሳልፍ አዛውንቱ ከጎረቤት በሬ ተቀናጅተው ያርሳሉ። ጠሩኝ።

«ዘንድሮስ ምን እንዝራ፣ ልጄ?»

የምር ይሁን ሽሙጥ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። «እርስዎ ያውቃሉ» ብዬ አለፍኩ። ወደ ቀጣዩ ቤት። ኮታው በዚያም ዓመት ነበረ።