የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በስልክ ፎቶግራፍ ውስጥ የሚያንስ ተራራ

ጥያቄ፦ በአዘዞ የምኖር መምህር ስሆን፣ ከሥራ በተረፈኝ ጊዜ በአክሪሊክ ቀለም መልክዓ ምድር እሥላለሁ። ቅዳሜ ወጣ ብዬ በስልኬ ፎቶግራፍ አነሣና ማታ ቤቴ ተቀምጬ እሠራለሁ። ይሁን እንጂ ተራራዎቼ ሕይወት የላቸውም፤ አረንጓዴውም የፕላስቲክ ምንጣፍ ይመስልብኛል። ጥፋቱ ከእጄ ነው ወይስ ከፎቶግራፉ? ጎንደር የምትታወቅበት የቤተ ክርስቲያን ሥዕልስ ለእኔ ዓይነቱ ሥራ የሚሰጠው ትምህርት ይኖር ይሆን?

መልስ፦ ከፎቶግራፉ እንጀምር። የስልክ ካሜራ ሰፊ ቦታ እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ ቅርቡን ያገዝፋል፣ ሩቁን ያሳንሳል። ጎሃ ኮረብታ ላይ ቆመው ያዩት ተራራ ስልክዎ ውስጥ ሲገባ ጉብታ የሚያክለው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም በላይ ዓይናችን ከሰማዩ ወደ ዛፍ ጥላ በዞረ ቁጥር ራሱን ከብርሃኑ ጋር ሲያስማማ፣ ካሜራው ግን ብዙ ጊዜ ወይ ሰማዩን ያነጣዋል ወይ ጥላውን ያጠቁረዋል። እርስዎም ማታ አምፖል ሥር ሸራው ላይ የሚገለብጡት ይህንኑ የጠቆረ ጥላ ነው።

ይህን የተረዳሁት ቁስቋም አካባቢ በሚገኝ አንድ የወይራ ዛፍ ነው። መጀመሪያ ስሥለው ግንዱን ቡናማ፣ ቅጠሉን አረንጓዴ አድርጌ ጨረስኩት፤ ማለትም ዛፉን ሳይሆን ስለ ዛፍ የማውቀውን ሣልኩ። በትንሽ ደብተር እየያዝኩ ደጋግሜ ስመላለስ ግን ግንዱ ግራጫ መሆኑን፣ በስተግርጌው ከቀዩ አፈር የሚመለሰው ብርሃን እንደሚያቀላው፣ ነፋስ ቅጠሉን ሲገለብጠው የፈዘዘው ጀርባው ወጥቶ ዛፉ በአንድ ጊዜ እንደሚነጣ አየሁ። ጥላውም ከሰማይ በሚወርድበት ብርሃን ምክንያት ወደ ሰማያዊ ያደላ ነበር። (በነገራችን ላይ፣ ደብተር ይዞ መሬት ላይ የሚያፈጥ ሰው በአካባቢያችን ቀያሽ ይመስላል፤ «መሬቱን ልትወስዱት ነው?» ብለው የጠየቁኝ እናት ሥዕሉን ካሳየኋቸው በኋላም ሙሉ በሙሉ ያመኑኝ አይመስለኝም።) ስለዚህ ፎቶግራፉን አይተዉት፣ ነገር ግን ቅርንጫፉ ወዴት እንደታጠፈ ለማስታወስ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ቀለሙን እዚያው ቆመው በደብተርዎ ላይ ይያዙ።

ስለ ተራራዎቹ ሕይወት ማጣት የምገምተው ሩቁንም ቅርቡንም በእኩል ጥራት እንደሚሠሩ ነው። በእኛና በተራራው መካከል ያለው አየር የፀሐይን ብርሃን፣ ከሁሉ አብልጦ ሰማያዊውን፣ ስለሚበትን፣ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ተራራው ወደ ሰማያዊ እያደላ፣ የብርሃኑና የጥላው ልዩነትም እየጠበበ ይሄዳል። ይህን በግልጽ ለማየት ከጎንደር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች ይውጡና ከገደሉ አፋፍ ወደ ቆላው ይመልከቱ፤ ከፊት ያለው ዐለት ስንጥቁ ሳይቀር ሲለይ፣ የመጨረሻው ሸንተረር ከሰማዩ የሚለየው በጭንቅ ነው። ወቅቱም ይለያል፦ በመስከረም ዝናቡ አየሩን ስለሚያጥበው ሩቁ ተራራ የቀረበ ይመስላል፤ በበጋ ግን አቧራና ጭስ ይጋርደዋል። ሰዓት ሲመርጡም ቀትርን ይሽሹ፤ በተለይ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ በጎንደር አናት ላይ ስለምትቆም ጥላ ከነገሩ ሥር ይሸሸግና ኮረብታው ጠፍጣፋ ይሆናል። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ሸንተረሩን ከሸለቆው ለይቶ ያሳያል።

አረንጓዴውን ከቱቦው እንደወጣ አይቀቡት። ሰማያዊን ከኦከር (ቢጫማ የአፈር ቀለም) ጋር ይደባልቁ፣ ከዚያም በብሩሽ ጫፍ ጥቂት ቀይ ይጨምሩበት፤ ቀዩ ጩኸቱን ይቀንስለታል።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን በተመለከተ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን በዳበረው ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል፣ ፊትና ልብስ በጥላ ድቡልቡል ቅርጽ ሲያገኙ፣ ከኋላ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ አገር ሳይሆን ከቢጫ ወደ አረንጓዴና ወደ ቀይ የሚሸጋገር መደብ ነው። ተራራ አሣሣል ከዚያ ይማራሉ ለማለት አልደፍርም። አንዱ ቀለም ወደ ሌላው እንዴት እንደሚሸጋገር ግን በሚገባ ይማራሉ፤ ለንጋት ሰማይ የሚያስፈልግዎትም እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ውጭ ስሥል አክሪሊኩ ገና ሳልደባልቀው ይደርቅብኛል። ምን ላድርግ? (ከማራኪ፣ ተማሪ)

መልስ፦ የበጋው ደረቅ ነፋስ ነው። የመደባለቂያህን ሳህን በረጠበ ጨርቅ ሸፍነህ በላዩ ዘይት የማይመጥጥ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፍና ቀለሙን እዚያ ላይ አውጣ፤ ከታች ያለው እርጥበት ያቆይልሃል። በጥቂት በጥቂቱም አውጣ፣ ጀርባህንም ለነፋሱ ስጥ።