«ሕይወታዊ» ወይስ «ኦርጋኒክ» ሞለኪውል?

ጥያቄ፦ «በአንድ ወጣት ኮከብ ዙሪያ፣ ፕላኔቶች በሚሠሩበት ዲስክ ውስጥ፣ ውሃና ሕይወታዊ ሞለኪውሎች ተገኙ» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ሕይወት ያለው ነገር ተገኘ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጥፋቱ «ኦርጋኒክ» የሚለውን ቃል «ሕይወታዊ» ያለው የተርጓሚው ነው፤ እርስዎ መጠራጠርዎ ደስ ብሎኛል።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2008 ስፒትዘር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ባደረገው ምልከታ፣ ኤኤ ታውሪ በተባለው ወጣት ኮከብ ዲስክ ውስጥ ከውሃ ጋር ሃይድሮጅን ሳያናይድና አሴቲሊን መኖራቸው ታወቀ። ሳያናይድ ገዳይ መርዝ ነው! አሴቲሊንም ብየዳ ቤት የሚነደው ጋዝ ነው። እነዚህን «ሕይወታዊ» ማለት ምን የሚሉት አማርኛ ነው?

ኦርጋኒክ ከግሪኩ «ኦርጋኖን» የመጣ ነው፤ መሣሪያ ማለት ነው። ትርጉሙ ከመሣሪያ ወደ ሰውነት ክፍል፣ ከዚያም ወደ ሕያው ፍጡር ተሻገረ። ኬሚስቶች ስሙን የወሰዱት እነዚህን ውህዶች የሚሠራው ሕያው አካል ብቻ ነው ተብሎ በሚታመንበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቮለር በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠራ። እምነቱ ከዚያ ወዲህ እየተናደ ሄደ፤ ስሙ ግን አልተለወጠም። ዛሬ ቃሉ የአብዛኞቹ የካርቦን ውህዶች መጠሪያ ነው። «ሕይወታዊ» ስንል የተናደውን እምነት በአማርኛ መልሰን እንገነባለን።

ለባዕድ ቃል ሁሉ የአማርኛ አቻ ካልተበጀ ቋንቋው ይደኸያል የሚሉ አሉ። ቅናታቸው ይገባኛል። ግን አንባቢው «ሕይወት ተገኘ» ብሎ ከተረዳ፣ የተበጀው ቃል አቻ አይደለም። «ኦርጋኒክ» ይሁን።

«ዲስክ» ላይ ግን ከእነሱ ጋር ነኝ። ጋዙና አቧራው ኮከቡን እየዞረ እንደ ሳህን ይዘረጋል፤ ስለዚህ «ዝርግ» ብንለው እወዳለሁ። ዲስክም ቢሆን የግሪክ «ዲስኮስ» ነው። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ቁርባኑን ኅብስት የምታስቀምጥበትን ንዋይ በዚሁ ስም ትጠራዋለች፤ የእኛው ጻሕል መሆኑ ነው። «ዝርግ ቅጽል ነው፣ ስም አይሆንም» ይሉኛል። እውነት ነው። ጆሮዬ ግን ዝርግን ይመርጣል። ምን ይደረግ፣ ሃርድ ዲስክ እያለ ያደገ ትውልድ ቃሉን ወስዶታል፤ «ዲስክ» ብሎ የጻፈ ተማሪ አላርምም።

«ውሃ ተገኘ» የሚለውም ትንሽ ይታረም። ስፒትዘር ዓይን በማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን የለየው ተን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ ከእኛ 370 የብርሃን ዓመት ገደማ በሚርቀው፣ ፒዲኤስ 70 በተባለው ወጣት ኮከብ ዲስክ ያገኘውም እንዲሁ ነው። እኔ ብሆን «የውሃ ተንና ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች መኖራቸው ታወቀ» ብዬ እጽፍ ነበር።