የድሮ ዘፈን ማን እንደዘፈነው ጎግል ላይ እንዴት ይገኛል?

እህቴ፣ ከአባትሽ ካሴት ወደ ስልክሽ ያስገለበጥሽው ዘፈን «ትራክ 7» ብቻ ይላል፣ የማን እንደሆነና መቼ እንደወጣ ጎግል ላይ አጣሁት ብለሻል። እኔ ሀዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ሙዚቃ ጫኝ ነኝ። ሰው ፍላሹን ይዞ መጥቶ ግማሽ ስንኝ እያንጎራጎረ «እሷን ፈልግልኝ» ሲለኝ ነው የምውለው፤ ስለዚህ የሠራልኝን ልንገርሽ።

በርዕስ አትፈልጊ። «ትዝታ» ብለሽ ብትጽፊ ቅኝቱም፣ በየዘመኑ የተዘፈነውም ሁሉ ተደባልቆ ይመጣብሻል። ከአዝማቹ ለየት ያለች አራት አምስት ቃል ውሰጂና በእንግሊዝኛው ድርብ ጥቅስ ውስጥ አስገቢያት፤ ያኔ ቃላቱን በዚያው ቅደም ተከተል ይፈልግልሻል። የማትፈልጊው ዘፋኝ ደጋግሞ ከመጣ ከስሙ ፊት የመቀነስ ምልክት አድርጊ።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ፊደል ላይ ነው። አንዱ ፀሐይ፣ ሌላው ጸሀይ፣ ሌላው ፀሀይ ብሎ ይጽፋል፤ በጥቅስ ስትፈልጊ ይሄ ለውጥ ያመጣል፣ ሁሉንም ሞክሪ። በላቲን ፊደል ደግሞ ይብሳል። ጥላሁን ገሠሠን አብዛኛው ሰው ቲ፣ አይ፣ ኤል ብሎ ይጀምረዋል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ ፓሪስ ባሳተማቸው፣ የድሮ የኢትዮጵያ ዘፈኖች በተሰበሰቡባቸው የኢትዮፒክስ ሲዲዎች ላይ ግን «አይ» የምትለዋን ፊደል ዘሎ ቲ፣ ኤል ብሎ ነው የጻፈው። እነዚህን ሲዲዎች አትለፊያቸው፣ አብሯቸው ያለው ትንሽ መጽሐፍ የተጫዋቾችን ስምና የተቀረጸበትን ዓመት ይነግርሻል።

ስሙን ካገኘሽ በኋላ ዲስኮግስ የሚባለው ድረ ገጽ ግቢ። የሸክላና የካሴት ሰብሳቢዎች ሽፋኑን ፎቶ አንስተው፣ አሳታሚውንና የሸክላውን ቁጥር ጽፈው የሚያስቀምጡበት ቦታ ነው። አምሃ ሪከርድስ፣ ካይፋ፣ ፊሊፕስ፣ እያልሽ በአሳታሚም መፈለግ ትችያለሽ። ከተጻፈው ይልቅ ፎቶውን እመኚ! ዩቲዩብ ላይ የሌላ ሰው ዘፈን በታዋቂ ዘፋኝ ስም ተለጥፎ ማየት የተለመደ ነው፤ ክራር የመታው፣ ያቀናበረው ሰው ስሙ ሲጠፋ ደግሞ እኔ በጣም ያመኛል። አስተያየቶቹን ግን አንብቢ፣ አንዳንዴ ባንዱ ውስጥ የነበረ ሰው ራሱ መጥቶ ያርማል።

ዓመቱ ላይ ተጠንቀቂ። ሽፋኑ በእኛ አቆጣጠር 1965 ካለ በፈረንጅ 1972 ወይም 1973 ነው፣ ስለዚህ ሁለቱንም ፈልጊ።

ዘፈን ሰምቶ የማን እንደሆነ የሚነግርሽን የስልክ መተግበሪያ፣ ሻዛምን፣ ሞክሪው እንጂ ብዙ አትጠብቂ። ራሱ ጋር ከተመዘገበው ቅጂ ጋር ነው የሚያመሳስለው፤ ካሴቱ ስቦ ዘፈኑ ከዘገየ ደግሞ አያውቀውም።

እስከዚያው የካሴቱን ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሺና ከአዝማቹ አንድ መስመር ጋር እዚሁ ለጥፊልን። ማታ ሱቅ ስዘጋ አየዋለሁ።