መጀመሪያ ኤምቢኤ ወይስ መጀመሪያ ሥራው?

ጥያቄ፦ በሲቪል ምሕንድስና ተመርቄ ስድስት ዓመት በደመወዝ ሠርቻለሁ። ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ለኤምቢኤ (የንግድ ሥራ አመራር ማስተርስ ዲግሪ) ትምህርት ላውለው ወይስ ያሰብኩትን የቤትና የቢሮ ዕቃ ማምረቻ ልክፈትበት? ቤተሰቦቼ «ሳይማሩ መነገድ መክሰር ነው» ይሉኛል።
ሰ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ተምሮም መክሰር እንዳለ ከራሴ አውቀዋለሁ። ማስተርሴን ይዤ አነስተኛ ማተሚያ ቤት በከፈትኩበት ዓመት መዝገቤ ትርፍ ሲያሳይ፣ ለሠራተኞች የምከፍለው ደመወዝ ግን በእጄ አልነበረም።

አንድ የግል ድርጅት የ200,000 ብር ጠረጴዛና ወንበር አዘዘዎት እንበል። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገቡ ከሆነ፣ ዕቃውን አስረክበው ደረሰኝ ሲቆርጡ 15 በመቶው ታክስ፣ ማለትም 30,000 ብር ይታከልበታል፤ ለጣውላ ግዥ የከፈሉት ታክስ ቢቀናነስልዎትም፣ ቀሪውን ገዢው ከፈለዎት አልከፈለዎት በጊዜው ማሳወቅና መክፈል ግዴታዎ ነው። ገዢው ደግሞ «ቼኩ ፊርማ ላይ ነው» እያለ ሁለት ወር ሊያመላልስዎት ይችላል። የጥሬ ገንዘብ ፍሰትን በክፍል ተምሬ በፈተናም ጥሩ ውጤት አምጥቼበት ነበር፤ ደንበኛን ሳያስቀይሙ ለአራተኛ ጊዜ ደውሎ ገንዘብ መጠየቅን፣ ከዚያም በፊት ጠበቅ ያለ ቀብድ መቀበልን ግን ማንም አላስተማረኝም።

በ1908 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት በእውነተኛ ድርጅቶች ገጠመኝ ላይ ተማሪዎችን በማከራከር ይታወቃል። ዘዴው ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ችግሩን መርጦና አጥርቶ በወረቀት ያሰፈረው ሌላ ሰው ነው። በማምረቻዎ ውስጥ በአባትዎ ዕድሜ ያለ አናጺ የተጣመመ ቁምሳጥን ሲያስረክብዎት፣ «ጋሼ» እያሉ፣ ክብሩንም ሳይነኩ፣ ሥራውን ግን እንደገና እንዲሠራው ማድረግ የእርስዎ ፈንታ ነው።

ትምህርቱን ማጣጣሌ አይደለም። ብዙ ማምረቻዎች ዋጋ የሚተምኑት የጎረቤታቸውን አይተው ነው፤ የማሽኑን እርጅናና የባለቤቱን ደመወዝ ሳይደምሩ ይሸጡና ገንዘቡ የት እንደገባ ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ አስቀድመው በሂሳብ አያያዝና በዋጋ ትመና አጭር ሥልጠና ይውሰዱ፤ የስድስት ወር ኪራይ ለብቻ አስቀምጠው በትንሹ ይጀምሩ። ኤምቢኤውን ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ በማታው ክፍለ ጊዜ ቢማሩት ይሻላል።

ዓላማዎ በባንክ ወይም በትልቅ ድርጅት የሥራ አመራር ቦታ ማግኘት ከሆነ ግን መልሴ ይለወጣል፤ በዚያ መንገድ ብዙ ጊዜ ዲግሪው ገና በማመልከቻው ይጠየቃል።