የውጭ ሠራተኞችን ግብር መከታተል ሙያ ይሆናል?

ጥያቄ፦ ሰንጋ ተራ ካለው ኮሜርስ በአካውንቲንግ ተመርቄ፣ ስታዲየም አካባቢ ባለ የኦዲት ቢሮ እሠራለሁ። አሁን ካዛንቺስ ያለ የሶፍትዌር ድርጅት ሥራ አቅርቦልኛል። ሠራተኞቹ በአዲስ አበባ፣ በናይሮቢና በዱባይ እየተዘዋወሩ በሪሞት ይሠራሉ። እኔ የየትኛው አገር ግብር ከፋይ እንደሆኑ እከታተላለሁ። «183 ቀን እንዳያልፉ መቁጠር ነው» ብለውኛል። ኦዲቱን ትቼ ልሂድ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሂጂ። ሥራው ግን እነሱ ካሰቡት በጣም ይሰፋል። ይህን ሳያውቁ ከቀጠሩሽ ችግሩ አንቺ ላይ ነው የሚያርፈው።

ከአገራችን ሕግ እንነሳ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአንድ ዓመት ውስጥ በተከታታይም ሆነ በመመላለስ ከ183 ቀን በላይ እዚህ የቆየ ሰው የኢትዮጵያ ነዋሪ ነው። ብዙ ሰው ንባቡን እዚህ ላይ ያቆማል። አዋጁ ግን መደበኛ መኖሪያው እዚህ የሆነውንም ሰው ነዋሪ ይለዋል። ቤቱ፣ ትዳሩና ልጆቹ አዲስ አበባ ያሉ ሰው፣ ሰባት ወር ዱባይ ስለከረመ ብቻ ነጻ ወጣሁ ማለት አይችልም። ነዋሪ ከሆነ ደግሞ ከየትም አገር ያገኘው ገቢ ይታሰብበታል። ዱባይ ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር ስለማይቆረጥ ብዙዎች የሚዘናጉት እዚህ ጋ ነው።

እዚህ ተቀምጦ የተሠራ ሥራም ደመወዙ በየትኛውም አገር ባንክ ይግባ፣ የኢትዮጵያ ገቢ ነው። በ2017 በተሻሻለው አዋጅ ከ14,000 ብር በላይ ያለው የወር ደመወዝ 35 ከመቶ ይቆረጥበታል። በዶላር የሚከፈላቸው ልጆች አብዛኞቹ እዚያ ውስጥ ናቸው። የሁለት ሦስት ዓመት ግብር ከወለድና ከቅጣት ጋር ተደምሮ ሲመጣ አንድን ወጣት ቤተሰብ ያናጋል። ሥራሽን የማከብረው ለዚህ ነው።

ኬንያን ደግሞ ተመልከቺ። እዚያ ቋሚ ቤት የሌለው ሰው የዘንድሮውና ያለፉት ሁለት ዓመታት ቆይታው በአማካይ ከ122 ቀን ካለፈ ነዋሪ ይሆናል። በየዓመቱ 130 ቀን ናይሮቢ የሚከርም ልጅ ወደ 183 ሳይጠጋ በሦስተኛው ዓመት ገባበት ማለት ነው። ዓመታቸው የፈረንጆቹን ይከተላል፤ የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። አንዱን ጉዞ በሁለት አቆጣጠር መመዝገብ ይኖርብሻል።

ሁለት አገሮች አንድን ሰው «የእኔ ነዋሪ ነው» ካሉ፣ በመካከላቸው ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት መኖሩን ታያለሽ። ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከህንድ፣ ከቻይናና ከሌሎችም ጋር አላት። ስምምነቶቹ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያዩት ቋሚ ቤትን ነው፤ ቀጥሎ ኑሮው ይበልጥ የተሳሰረበትን አገር። የኦዲት ልምድሽ የሚጠቅመው እዚህ ነው። የቤት ኪራይ ውል፣ የፓስፖርት ማኅተም፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሁሉም ማስረጃ ነው። ማስረጃ መሰብሰብና መመርመር ደግሞ ታውቂበታለሽ።

ከመፈረምሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ። ሠራተኛው የሚጓዝ መሆኑን የምሰማው ትኬት ሳይቆረጥ ነው ወይስ ከተመለሰ በኋላ? መልሱ «በኋላ» ከሆነ፣ ጉዞ አስቀድሞ እንዲነገርሽ በሥራ ዝርዝርሽ ላይ በጽሑፍ ይግባ። የኬንያን ሕግ በተመለከተ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጥ ናይሮቢ ያለ የግብር አማካሪ እንዲቀጥሩም ንገሪያቸው። በግምት አትፈርሚ። ሠራተኛው ውጭ ሆኖ በድርጅቱ ስም ውል የሚዋዋል ከሆነ፣ ድርጅቱ ራሱ እዚያ አገር ግብር ሊጠየቅ ይችላል። ያንንም አንሺባቸው። «በየትም አገር እንዳይከፍሉ አመቻቺልን» ካሉሽ ግን አትግቢበት።

ለትምህርቱ አዲት (ADIT) የሚባለውን የዓለም አቀፍ ግብር ዲፕሎማ እይው። የሚሰጠው የእንግሊዙ የግብር ባለሙያዎች ተቋም ነው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ድርጅቱ እንዲሸፍንልሽ ከደመወዙ ጋር ተደራደሪ። የአሁኑን ቢሮሽን ደግሞ በእጅሽ ያሉትን ፋይሎች በደንብ አስረክበሽ ልቀቂ፤ ነገ ምስክርነታቸው ያስፈልግሻል።